የልደታ ትርጓሜ

ግንቦት ልደታ የክርስቲያን በዓል ነች ይባላል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ ውስጥ በእኛ ሰፈር የልደታን ንፍሮ ስቀቅል የኖርኩት እኔ ነኝ። በዓሉ የማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ የዋርካው ነው ብዬ እመልስለት ነበር። ዋርካው ከቦርከና ወንዝ ወደ ሰፈራችን በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ግንቦት በባተ ቀን የሰፈሩ ሴቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከየቤታችን እህል አዋጥተን እዚያው ደጅ ላይ ጉልቻ ጎልተን እንቀቅላለን። አንዳችን የሌላውን እርድ አንበላም፤ ማንም ሳይሳቀቅ ከአንድ ሰፌድ የሚዘግነው ነገር ንፍሮ ነው። የተረፈው ወደ ቤት አይገባም። እኛ ዱዓ ስናደርግ እነሱ አሜን ይላሉ፤ እነሱ ማርያምን ሲለምኑ እኛ አሚን እንላለን። ግንዱንም ቅቤ እንቀባዋለን። ለምን እንደምንቀባው የጠየቁን ሰው አንድ ብቻ ናቸው፤ የኔታ ገብረ ማርያም።

የኔታ የጎረቤቴ የአትጠገብ ባል ናቸው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ፤ ከጎጃምና ከላስታ ድረስ ተማሪ ይመጣላቸው ነበር። በየዓመቱ ልደታ ስትደርስ መቋሚያቸውን ይዘው ይመጡና ከዋርካው ጥላ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይቆጡናል።

«ይህ ባዕድ አምልኮ ነው» ይሉናል። «የማርያም ስም እዚህ አገር ሳይሰማ አያቶቻችሁ ለዚህ ዛፍ ይሰግዱ ነበር። እናንተ ስሟን ለጠፋችሁበት እንጂ ሌላ የጨመራችሁት የለም።»

አንድ ዓመት እንዲያውም ቢላዋ ይዘው መጥተው ቅቤውን ከግንዱ ላይ ፋቁት። አትጠገብ ጨርሰው እስኪፍቁ ጠበቀቻቸውና «ቢላዋዬን ይመልሱልኝ፣ ሽንኩርት እከትፍበታለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ዞር አሉ። ቁጣቸው እንዲህ ዓይነት ቁጣ ነበር። ማርያምን ስለሚወዱ ከዛፍ ጋር እንድትካፈል አይፈልጉም፤ ሌላ ክፋት አልነበረበትም።

አንድ አመል ግን ነበራቸው። በእነሱ ትምህርት አንድ ቃል አንድ ጊዜ ተፈትቶ አይተውም። መጀመሪያውን ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ተማሪው ይህን እየሰማ ያድጋል፤ መምህሩም ይህን እያለ ይሸመግላል። አትጠገብ «ወጡ ጨው አንሶታል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው እንኳ አንድም ይሉኛል» እያለች ታስቀን ነበር።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ወርቅአፈራሁ ይባላል። ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው የወለዱት። ደሴ ቤት ተከራይቶ ሲማር የቀይ ሽብር ዓመት መጣና ከክፍሉ ወሰዱት። ወረቀት በትኗል ያሉም አሉ፣ የበተነ ጓደኛ አለው ያሉም አሉ። የታሰረው ደሴ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ግቢ ነው። ባለቤቴ በሺር የእህል መኪና ይነዳ ስለነበር ስንቁን የሚያደርስለት እሱ ነው። ዘበኞቹ ከበር ይቀበሉታል፤ ከውስጥ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። አትጠገብ ያንን ባዶ ሳህን ከበሺር እጅ ተቀብላ ሳታጥበው ትስመው ነበር። በላ ማለት አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጇ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ስማቸው የሚባል ሰው መጣ።

ስማቸው ድሮ የየኔታ ተማሪ ነበር። ዲያቆን ሆኖ ጃንጥላቸውን ይዞ ይከተላቸው ነበር፤ ዋርካው ስር ሲቆጡንም ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። አሁን የቀበሌያችን ካድሬ ሆኖ ሽጉጥ ታጥቋል። የዚያን ቀን እኔ አትጠገብን ላጽናናት ብዬ እቤታቸው ተቀምጫለሁ። ገባና እንደ ድሮው የየኔታን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ መሀል ላይ ካድሬነቱ ትዝ አለውና ቀና አለ።

«ልጁ እኔ እጅ አይደለም» አለ ቆሞ። «ደሴ ነው። ግን ቃሌን የሚሰሙ ሰዎች አሉ።»

«ምን አድርግ ትለኛለህ?» አሉት የኔታ።

«እሁድ ዋርካው ስር ስብሰባ አለ። ከደሴ የሚመጡ ጓዶች አሉ። ውይይቱ ስለ በዓላት አመጣጥ ነው። እርስዎ ይናገሩ። እኔ አንዲት ቃል አልጨምርብዎትም። በየዓመቱ ለሴቶቹ የሚሉትን ብቻ ይበሉልኝ።»

አትጠገብ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደም አየሁበት። «ይቺን ብቻ ነው?» አለች። «ይቺንማ ሲሉት የኖሩት አይደል እንዴ!»

«እኔ የምናገረው ሴቶቹን ከዛፉ ወደ ማርያም ልመልስ ብዬ ነው» አሉ የኔታ። «እናንተ የምትፈልጉት ማርያምንም ልትቀሟቸው ነው።»

«ነገሩ እውነት ነው ወይስ አይደለም?» አለ ስማቸው።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው እውነቱን ይናገሩ። ልጅዎ ይወጣል።»

ከበሩ ሲደርስ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔታ፣ እለምንዎታለሁ፤ አንድም እንዳይሉ። የመጀመሪያውን ፍቺ ብለው ይቀመጡ።» ይህንን ሲል እንደ ካድሬ አልነበረም፤ መምህሩን የሚያውቅ ተማሪ ሆኖ ነው የተናገረው።

እስከ እሁድ ድረስ አትጠገብ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ምሳ ስታቀርብላቸው አንዷን ብቻ ትላቸዋለች። ውሃ ስታስታጥባቸው አንዷን ብቻ ትላቸዋለች። እሳቸውም እሺ ይሏታል። ወላሂ እኔም አምኛቸው ነበር።

እሁድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ሰውን ሁሉ በደወል ጠርተው ዋርካው ስር አስቀመጡት። የቀረ ሰው ከቀበሌ የሚታደለውን ስኳር እንደሚያጣ ያውቃል። ከደሴ የመጡት ሦስት ሰዎች ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መፈክሩ ተባለ፣ ክንዱ ተነሣ፣ ስማቸውም «አሁን ጓድ ገብረ ማርያም የበዓላትን አመጣጥ ያስረዱናል» አለ። ጓድ ሲላቸው ከኋላ የሆነ ሰው አስነጠሰ፤ ሳቁን መደበቁ ነው።

የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥላው ውስጥ ገብተው ነው የተናገሩት። ልደታን ከሥሯ አነሧት። ግንቦት ዝናብ የሚለመንበት ወር ነው አሉ። ክርስትናም እስልምናም ወደዚህ አገር ሳይመጡ ገበሬው ክረምቱ እንዲገባለት ትልቅ ዛፍ መርጦ ሥሩ ላይ ደም ያፈስ፣ ግንዱን ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ደጅ የተበላው ወደ ቤት የማይገባውም የአድባሯ ድርሻ ስለሆነ ነው፤ ካህናቱ መጥተው ሕዝቡን ከዛፉ ማላቀቅ ቢያቅታቸው የማርያምን ልደት አምጥተው እዚያው አስቀመጡት አሉ።

«ደመራስ፣ ጓድ?» አለ ስማቸው። በነገሩ ሂደት ተደስቷል።

«እሳቱ ከመስቀሉ ይቀድማል» አሉ የኔታ። «ዝናብ አልቆ ፀሐይ ስትመለስ ሰው እሳት አንድዶ ይቀበላት ነበር። በአበባው ወቅት የሆነውም ለዚህ ነው። መስቀሉ በኋላ መጣና በእሳቱ መሀል ተተከለ።»

የደሴዎቹ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ወደ ስማቸው ዞሮ ፈገግ አለለት። አትጠገብ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛለች። የኔታ ለመቀመጥ መቋሚያቸውን ጠጋ አደረጉ፤ ጉልበታቸውም ታጥፎ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

«አንድም» አሉና ተመልሰው ቆሙ።

አትጠገብ እጄን ጨመቀችው።

«አንድም፣ ሐናና ኢያቄም አሳዳጅ ተነሥቶባቸው ከቤታቸው ወጥተው በተራራ ስር ወለዷት። እናቲቱ ቤት የላትም። ጎረቤት ያለውን እህል ቀቅሎ ሜዳ ላይ አብሯት በላ። ልደታን ደጅ የምናከብረው ልጇን በሰላም ቤቷ ማሳደግ ላልተፈቀደላት እናት ነው።»

ከሴቶቹ መሀል የሆነች መነፋረቅ ጀመረች፤ ከዚያም ሌላዋ። በዚያ ሰሞን ልጅ ያልተወሰደበት ወይም ልጁን ያልደበቀ ቤት ጥቂት ነበር። ስማቸው «ይበቃል፣ ጓድ» አለ። የኔታ አልሰሙትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ጉባኤ ላይ ሲሆኑ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

«አንድም፣ ኋላ የመጣ ሁሉ በፊተኛው ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ካህኑ መጣና ከዛፉ ስር ተቀመጠ። መንግሥትም ተለወጠና አዲሱ መስከረም ሁለትን በዓሌ ነው አለ፤ የእንቁጣጣሽ ጠላ ተጠጥቶ ሳያልቅ። የመስቀል አደባባይንም አብዮት አደባባይ አለው። ሕዝብ የተሰበሰበበትን ቦታ ማን ይተዋል? ነገ ደግሞ ሌላ መጥቶ እዚሁ ይቀመጣል።»

ሕዝቡ ሳቀ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ለወራት ያልተሳቀ ሳቅ ነበርና መቆሚያ አጣ። የደሴዎቹ ሰዎች አልሳቁም። የስማቸው ፊት አመድ መሰለ። የኔታ ዓይናቸውን የገለጡት በሳቁ ነው፤ የት እንደቆሙ ያን ጊዜ ነው የታወቃቸው። አትጠገብ እጄን ለቀቀችው።

ቤት ከገቡ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ አላናገረቻቸውም። በማግስቱ እኔ ባለሁበት «ሦስተኛዋን ምን አናገረዎት?» አለቻቸው።

«ጀምሬው ነበር» አሉ። «መጀመሪያውን ብቻ ብዬ ብተወው እውነት አይሆንም።»

«ልጅዎስ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ደሜ ፈላ። ለማርያም ሲሉ ቢሆን ባልቆጨኝ፤ ለሃይማኖቱ የሞተ በእኛም በእነሱም ይከበራል። ያንን የተናገሩት ግን ደፍረው አይደለም። ትርጓሜው ጎዶሎ እንዳይቀርባቸው ብለው ነው። አንድ ልጅ ያለው ሰው ትርጓሜ ቢጎድልበት ምን ይሆናል? ይህንን ፊት ለፊት ነግሬያቸው ወጣሁ።

ማክሰኞ ስማቸው ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ጎንበስ የሚል ነገር አልነበረም።

«እኔንም ሊያስበሉኝ ነበር» አለ። «አርጅተዋል፣ ዘላብደው ነው ብዬ ለመንኩልዎት። ሐሙስ እንደገና ይናገራሉ። አሁን ግን የልደታ ብቻ አይበቃም። በዓል ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከእንግዲህ አላከብርም፣ አላስተምርም ይላሉ። አንድ ፍቺ። ከዚያ ልጁን ሄዳችሁ ትቀበላላችሁ።»

«ይህማ ክህደት ነው» አሉ የኔታ።

አትጠገብ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሚስታቸው ናት፣ ሠላሳ ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ እንደ ባዕድ ጫማቸውን ይዛ መሬት ላይ ተደፋች። «ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው» አለች። «ከእግዚአብሔር ጋር እኔ እጣላልዎታለሁ። እርስዎ ልጄን ብቻ ያምጡልኝ።» ላነሣት ብሞክር አልነሣም አለች። የኔታ ከላይ ሆነው ሲያዩዋት ቆዩና «ተነሺ፤ እላለሁ» አሉ።

ሐሙስ ዋርካው ስር ሲመጡ ጥምጥማቸውን አላደረጉም ነበር። አውልቁ ያላቸው ሰው የለም። ፀጉራቸው እንደዚያ መሳሳቱን ሰፈሩ ያየው ያን ቀን ነው።

«ልደታ የማርያም አይደለችም» አሉ። «ደመራም፣ ቡሄም፣ ጥምቀትም ሰው ረሃብና መብረቅ ሲፈራ የፈጠራቸው ናቸው። ውስጣቸው ምንም የለም። ከእንግዲህ አንዱንም አላከብርም። አላስተምርም።»

አቆሙ። የምንጠብቀው ነገር ነበር፤ እኔ እንኳ፣ ልጁ እንዲወጣ የምጸልየው ሴትዮ፣ ስጠብቅ ነበር። ፊት የተቀመጡት አሮጊት፣ እማማ አልጣሽ፣ ቃል የረሳ ሰውን እንደሚያስታውሱ ሁሉ ቀስ ብለው «አንድም፣ የኔታ» አሏቸው።

የኔታ አዩዋቸው። «የለም» አሉ። «ሌላ የለም።» ተቀመጡ፤ ጭብጨባውም ተጀመረ።

ስማቸው አጠገባችን ሲያልፍ «ነገ ሂዱና ተቀበሉት» አለን።

አርብ ጠዋት አትጠገብና እኔ በበሺር መኪና ወጣን። የኔታ አልመጡም። «የተናገርኩትን ሰምቶ ከሆነ መጀመሪያ አንቺን ይይ» አሏት። አትጠገብ የታጠበ ሸሚዝና ጋቢ ይዛለች፤ ስንቁንም ይዛለች፣ እንደ ወጣ መንገድ ላይ እንዲበላ። የሐረጎን አቀበት ስንወጣ እንደዚያ ቀን ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ደሴ ብርድ ነው፣ ሳል ይዞት እንደሆነ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን አለች። ከዚያ በኋላ ደጋን ያሉት የእኔ ዘመዶች ዘንድ እናስቀምጠዋለን፣ አይደል መዲና አለችኝ። አዎ አልኳት።

ከግቢው በር ያገኘነው ዘበኛ ሀምዱ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ደጋን አብረን ነው ያደግነው። እዚያ መቀጠሩን አላውቅም ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ። የማንን ስም እንደምንጠራ ሲሰማ ደግሞ እጄን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«እህቴ መዲና፣ ሴትዮዋን ይዘሽ ሂጅ» አለኝ።

«ይፈታል ተብለን ነው የመጣን።»

«ማን ነው ያላችሁ? ያ ልጅ የለም። ከፋሲካ በፊት ነው ሌሊት ያወጧቸው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከእኔ ሰማሁ እንዳትይ።»

«ሳህኑስ?» አልኩት። «ትናንት ወዲያ እንኳ በልቶ ነው የመለሰው።»

«ውስጥ ያሉት ናቸው የሚበሉት፣ ርቧቸዋል። ስንቁን አንቀበልም ካልን ታውቃላችሁ፤ እንዳታውቁ ደግሞ ታዘናል።» አንገቱን ደፋ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ዞር ስል አትጠገብ አጠገቤ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም፤ የሚበቃትን ሰምታለች። አልጮኸችም። ስንቁን ከነአገልግሉ ለሀምዱ ሰጠችው። «ላሉት አስገባላቸው» አለችው። ሸሚዙንና ጋቢውን ግን ይዛ ተመለሰች።

ቁልቁለቱን ስንወርድ የተናገረችው ስለ የኔታ ብቻ ነው። «ለየኔታ ምን ልበላቸው?»

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ወደ አዲስ አበባ አዛውረውታል በያቸው አልኳት። «ሲጠብቁት ሊኖሩ?» አለች። እውነቱም ቢሆን ሁለት ስለት እንዳለው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የኔታ እሁድ በተናገሩት ልጃቸውን ያስገደሉ መስሏቸው ሲሰጉ ሰንብተዋል፤ ከዚያ በፊት ነው የሞተው ብትላቸው ከዚህ ይገላገላሉ። ነገር ግን የሐሙሱስ? ስማቸው ልጁ ይወጣል ሲለን መሞቱን ያውቅ ነበር ብዬ እኔ እምላለሁ። አትጠገብ እሱም አያውቅም ነበር ትላለች። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አልተስማማንም።

ቤት ስንደርስ የኔታ ደጃፉ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመኪናው ሁለት ሴቶች ብቻ ስንወርድ አዩ። አትጠገብ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«መቼ?» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

«ከመናገርዎ በፊት።»

«ከየትኛው?»

«ከሁለቱም በፊት፣ የኔታ። ከፋሲካ በፊት ነው።»

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ለቀቅ ሲል አየሁ። ልጄን ምላሴ አልገደለውም የሚል ነገር ነበር። ትንሽም አልቆየ። ሐሳባቸው ሐሙስ ላይ ሲደርስ ፊታቸው እንደገና ተጨማደደ።

«እንግዲያው ለማን ብዬ ነው የካድኩት?» አሉ።

«ለእኔ» አለች አትጠገብ። «እኔ ነኝ ያስካድኩዎት።» ከእግራቸው ስር መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጋቢውንም ጭኗ ላይ አደረገችው። ሁለቱም አላለቀሱም። በዚያ ዘመን እንዲህ ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ያለቀሰች እናት ተከትላ ትወሰድ ነበር። በሺር ከመኪናው ላይ ሆኖ ነይ ግቢ እያለ በእጁ ይጠቅሰኛል። እኔ ግን ሁለቱን አየኋቸው፤ ማልቀስ እንደማይችሉ ገባኝ። ነጠላዬን አደገደግኩና የልጁን ስም ጠርቼ፣ እስከ ዋርካው ድረስ እንዲሰማ፣ ጮህኩ።